አውራ ዶሮ የተኛባት ሌሊት

እሰይ! መጣ! ትናንት ሌሊት መጣ፣ ያውም ደወሉ ሳይደወል ቀድሞ! አራት ዓመት ሙሉ «ዛሬስ ይመጣ ይሆን?» እያልን በሩን ስናይ አንገታችን ሊጣመም ምንም አልቀረው።

ማን? ጫማ ሰፊው ነዋ! ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ክፍል የሚሠራው፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ «አውራ ዶሮ» የሚለው።

ስሙን ያተረፈው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ጫማ ሳናወልቅ ገብተን አግዳሚ ላይ በምንቀመጥባት በአጥቢያችን፣ በወር አንድ ሌሊት ሰው ለጸሎት ያድራል። ሌሊቱ ረጅም፣ የሰውም ዓይን ደካማ ነውና አንድ ሰው ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠቀለለበት ሸምበቆ ይዞ በአግዳሚዎቹ መካከል ይመላለሳል፤ ያንቀላፋውን ትከሻውን ነካ ያደርጋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀስቃሹ እሱ ነበር።

ጥበቡን ብታዩት! ፊት አያይም፤ ጫማ ነው የሚያየው። ግማሹን ራሱ ሰፍቶታል፣ የቀረውን ሶል ቀይሮለታል። የሚጸልይ ሰው ክብደቱ ጣቶቹ ላይ ነው፤ እንቅልፍ የጣለው ሰው ጫማዎች ግን እንደተኳረፉ ባልና ሚስት አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ዞረው ይቀራሉ። ዓይኑን ጨፍኖ የተመሰጠ የሚመስለውን ሁሉ በዚህ ይይዘው ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋን በተለይ፣ ገና ሳይነጋ ምድጃ የምታነድ ሴት ናትና፣ በአንድ ሌሊት አምስት ጊዜ ይነካታል።

«ጋሼ፣ እየጸለይኩ እኮ ነው!» ትለዋለች በሹክሹክታ።

«መጸለይስ እየጸለይሽ ነው። ዝቅ አድርገሽ ጸልዪ፤ ማንኮራፋትሽ ቄሱን ጸሎቱን አስረሳቸው።»

ምን ዓይነት ሌሊቶች ነበሩ! የእርጥብ ካፖርት ሽታ፣ የፋኖሱ ጭስ፣ የቄሱ ሳል። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቆም ነበር።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። ሚስቱ በሳንባ ምች ወድቃ ሦስት ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን አስታመማት። በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት፤ የጸሎቱ ሌሊትም ያው ነበር።

«ዛሬ እንኳ ተኛ፣ አንተ ሰውዬ» አለችው።

«እኔ ተኝቼ እነሱን ማን ይቀሰቅሳቸዋል?» ብሎ ወጣ።

እኩለ ሌሊት ሆነ። የኋላው አግዳሚ ላይ ለአፍታ ቁጭ አለ። ዓይኑን ሲገልጥ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ! ሸምበቆውን ቄሱ ደጃፍ አስደግፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደወሉ ሲደወል ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

«ተደወለ እኮ» ትለዋለች ሚስቱ።

«ሰምቻለሁ፤ አልደነቆርኩም።»

«ታዲያ አትነሳም?»

«ሄጄ መሳቂያ ልሁን?»

ቀን ቀን ጫማችንን ይቀበላል፣ ይሰፋል፣ ይመልሳል። ጸሎቱን ካነሳንበት ግን ሚስማሮቹን አፉ ውስጥ ይከታል። አፉን ሚስማር የሞላውን ሰው ማን መልስ ይጠይቀዋል?

ባለፈው ማክሰኞ ዳቦ ጋጋሪዋ ተረከዙ የተነቀለ ጫማ ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ አንተ የመታኸው ተረከዝ እንደ ፈረስ ኮቴ ነው የሚጮኸው። እንደዚያን ሌሊት አውልቄ በእጄ ይዤው ልሂድ እንዴ?»

«የቱን ሌሊት?»

«አንተ የተኛህባትን ነዋ።»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

«ቄሱ ናቸው መጀመሪያ ያዩህ። ሚስትህን ስታስታምም መሰንበትህን ያልሰማ አልነበረም። ዜማውን ተዉትና የቀረውን ጸሎት በሹክሹክታ ጨረሱት። ልንወጣ ስንል የጫማችን ጩኸት ሊቀሰቅስህ ሆነ፤ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ ሁላችንም አውልቀን፣ በዚያ ብርድ በባዶ እግራችን! እኔ ሳምንት ሙሉ ሳስነጥስ ከረምኩ።»

«አልሳቃችሁም?»

«ምን ሳቅ አለ? ትንፋሻችንን ውጠን!»

«ታዲያ አራት ዓመት ምነው ዝም አልሽኝ?»

«አኩራፊው አንተ! ‹እኔ ሠላሳ ዓመት ስቀሰቅሳቸው ኖሬ፣ አንድ ቀን እኔን የሚቀሰቅስ ይጥፋ?› ብለህ የተቀየምክ መስሎን ነው እንጂ። ቄሱማ ስምህ በተነሳ ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ። ምነው፣ ዓይንህ ቀላ?»

«ማስቲሹ ነው» አለና ጀርባውን ሰጣት።

ትናንት ሌሊት ሚስቱን ደግፎ መጣ። ቄሱ አቅፈውት ስንቱን ደቂቃ ቆዩ!  ሸምበቆው ቄሱ ካስገቡት ወዲህ አራት ዓመት ማንም ሳይነካው ጥግ ቆሟል፤ አቧራውን አራግፎ ዞረ። ግማሹ አግዳሚ ባዶ ነው። ወጣቶቹ ከተማ ገብተዋል፤ ስንቶቹ ሽማግሌዎች አልፈዋል። የቀረነውም እሱ እጅ ገብቶ የማያውቅ የሱቅ ጫማ ተጫምተናል። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፤ አላወቃቸውም። ከዚያ ቀና አለና ፊታችንን ያይ ጀመር፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለ። አንዳንዳችን ጋ ሲደርስ ብዙ ቆየ። አርጅተናል፤ እሱም ያየው ይህንኑ ነው። ብቻ ማንም ዓይኑን አልሰበረም።

ሲነጋ ቄሱ «ለወሩስ?» አሉት ፈራ ተባ እያሉ።

«ለወሩ ወንበር አዘጋጁልኝ። ጉልበቴ እንደ ድሮው መስሏችኋል?» አላቸው።

ወንበር! ሰማችሁ? ይመጣል ማለት እኮ ነው! በሉ እኔ ወሬውን ይዤ ልሩጥ፤ የድሮው ደወል ደዋይ አልጋ ከያዘ ሁለት ወሩ ነው፣ ምንም አልሰማም። ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ ዳቦ ይዛ ወደዚያው ስትታጠፍ አሁን አየኋት። አትቀድመኝም!