አምስተኛው ምት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ለሽማግሌዎች የነገርኋቸው ሌላ ነው፤ ማተቤን ይዤ ምዬ የነገርኋቸው ያ ቃል ሐሰት ነው። አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ እውነቱን ስለምጽፍ እስከ መጨረሻው ስማኝ። ቀኖና ለመስጠትም ይቅር ለማለትም አትቸኩል።

አስቀድሜ ሰዎቹን በስማቸው ልጥራ። ሰይድ፣ ከወሎ ከሐይቅ አካባቢ የመጣ ቲማቲም ለቃሚ። ለተብርሃን፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ እንዳ ኢየሱስ በሚገኘው ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ወልዱ፣ የእርሻው ዘበኛ። አቶ ኪዳነ፣ የእርሻው ባለቤት። ቲማቲማችንን ከሚገዛው ድርጅት የተላከች አንዲት መርማሪ፤ ስሟን ነግራኝ ነበር፣ አልያዝሁትም። ከሁሉ በኋላ እኔ ሐጎስ፣ የሠራተኞቹ አለቃ። ስሜን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ከትሕትና እንዳይመስልህ። ዕድሜ ልኬን ጣቴን ስቀስር ከሌላ ሰው ስለምጀምር ነው።

እርሻው ከከተማችን ከመቀሌ በሰሜን በኩል፣ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ዛሬ በከተማችን አንድ ዐይኑ የጠፋ ሰው ሲታይ ሁሉም ጦርነቱን ያማል፣ ማንም አይጠይቅም። የሰይድን ዐይን ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ። በሰላም ቀን፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ በዚህ በምጽፍበት እጄ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁት የጎረቤት ልጆች ከጣሉት ደብተር ላይ ነው። አማርኛውንም በድሮ ጋዜጣ፣ በክስ ማመልከቻ፣ በመድኀኒት ወረቀት ለራሴ አስተማርሁ። በዚህ እኮራ ነበር። ራሱን ያስተማረ ሰው ሌላውን የመቅጣት መብት ያለው ይመስለዋል። እኔስ ምን መስሎኝ ነበር? ሰነፍን መምታት መልካም ሥራ ይመስለኝ ነበር። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው።

ሃያ ሦስት ለቃሚዎች ነበሩን፤ ሁሉም ደላላ ከሩቅ አገር ያመጣቸው። በገቡበት ቀን መታወቂያቸውን ተቀበልኋቸው። “እንዳይጠፋባችሁ ነው” አልኋቸው። በብረት ሣጥን ቆለፍሁበትና ቁልፉን በማተቤ ላይ፣ ከመስቀሌ ጎን አንጠለጠልሁት። መታወቂያ የሌለው እንግዳ ሰው ኬላ አያልፍም፤ ይህን ዐውቅ ነበር። አንዱንም ለሌላው ዋስ አደረግሁ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይገረፋል። ዋስነት በአገራችን የመታመን ምልክት ነው፤ እኔ ሰንሰለት አደረግሁት። አንድ ለቃሚ በአጥሩ ሾልኮ ሲወጣ ወልዱ ደርሶ ክንዱን በዱላ ሰበረው። ለወልዱ ያልሁትን አስታውሳለሁ፤ “ደግ አደረግህ” አልሁት። ትኩሳት ይዞት የተኛውን ለቃሚ በእግሬ ረግጬ አስነሥቻለሁ። ይህን ሁሉ አደረግሁ፣ እሑድም ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ።

ሰይድን ግን ወደድሁት። ብልህ ነበረና ማስተማር ጀመርሁ፤ ከሥራ በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ በቲማቲም ሣጥን ክዳን ላይ በከሰል እያጻፍሁ። ሲሳሳት በኩርኩም እለው ነበር።

“የኔታ ልበልዎት ወይስ ሼኽዬ?” አለኝ አንድ ቀን ራሱን እያሻሸ። “ፊደልዎ የቄስ ነው፤ ኩርኩምዎ ግን የኛን ሼኽ ያስንቃል።”

ሣቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔታ አለኝ። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

ቲማቲሙ በሚቀላበት ሰሞን እናቱ መታመሟን ሰማ። ወደ መለያው ዳስ መጣ። ለተብርሃን ለዕረፍት መጥታ ከሴቶቹ ጋር የበሰለውን ካልበሰለው ትለይ ነበር።

“የኔታ፣ እናቴ ወድቃለች አሉኝ። መታወቂያዬን ይስጡኝ፤ ሦስት ቀን ብቻ። ወላሂ እመለሳለሁ።”

“ቀልቷል እኮ፣ አታይም? ቲማቲም አይጠብቅም።”

“እናትስ ትጠብቃለች?”

በጥፊ መታሁት። ለተብርሃን እጇ ላይ የያዘችውን ቲማቲም ሳታስቀምጥ አየችኝ፤ እኔ ግን ዐይኔን መለስሁ።

በዚያው ሳምንት መርማሪዋ መጣች። ለቃሚዎቹን ሰብስባ በግድ የሚሠራ፣ የሚመታ፣ መውጣት የተከለከለ እንዳለ ጠየቀች። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ሁሉም ደኅና ነን አሉ። እርስዋም ነገሩ ሳይገባት አልቀረም መሰለኝ፣ ከመኪናዋ አንድ የእንጨት ሣጥን አውርዳ በዳሱ ምሰሶ ላይ አሰቀለች። ቅሬታ ያለው ጽፎ ይክተት፣ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ አለች። እስከዚያ ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጥ ብላ ስትጠይቅ አቶ ኪዳነ ወደ እኔ አመለከተ።

“ሐጎስ ጋ። ማተቡን የማይበጥስ ሰው ነው።”

ሰጠችኝ። እኔም ከመስቀሌና ከመታወቂያው ሣጥን ቁልፍ ጎን ሰካሁት። አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። አትክልት ገዝተህ የምትሸጥ ከሆንህ፣ መርማሪም የምትልክ ከሆንህ፣ ከእኔ ከበደለኛው ተማር። አለቃው በሌለበት ጠይቅ። መታወቂያው በማን ኪስ እንዳለ በዐይንህ እይ። የተበዳዩን ሣጥን ቁልፍ ለበዳዩ አትስጥ፣ ጿሚ ቢሆንም፣ አስቀዳሽ ቢሆንም። እኔ ሁለቱንም ነበርሁ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ለቃሚዎቹ ምሳ ሲበሉ፣ የቅሬታውን ሣጥን ከፈትሁት። አንድ ወረቀት ነበረበት። “መታወቂያችንን ቆልፎ የያዘው ሐጎስ ነው። ከግቢ አንወጣም። የታመመ ይመታል። እናቱ የምትሞትበት ሰው ለመሄድ ተከልክሏል። እባካችሁ ሐጎስ በሌለበት ጠይቁን” ይላል።

መጀመሪያ የተሰማኝን ብነግርህ ታፍርብኛለህ፤ ኮራሁ። አንድ ስሕተት አልነበረበትም። ከለቃሚዎቹ መካከል መጻፍ የሚችል ሰይድ ብቻ፣ ያስተማርሁትም እኔ። እንዲህ ጥርት አድርጎ መጻፉ የእኔ ሥራ መሰለኝ። ገና አንድ መስመር አንብቦ ለመጨረስ የሚያልበው ሰው በሁለት ወር እንዲህ ይጽፋል ብዬ ለማመን ምን አሳወረኝ? ከመምህርነት ትዕቢት በቀር ምን አለ? ትዕቢቱ ወዲያው ቁጣ ሆነ። በሰጠሁት ፊደል ከሰሰኝ አልሁ።

ሁሉንም ወደ ዳሱ ጠራሁ። ቅጣት በሰው ፊት ካልሆነ አያስተምርም የምል ሰው ነበርሁ። ወረቀቱን ሰይድ አፍንጫ ሥር ያዝሁለት።

“አንተ ነህ የጻፍኸው?”

ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ፊደሉን አንድ በአንድ ይለቅም ነበር፤ የራሱን ጽሑፍ እንደዚያ የሚያነብ ሰው የለም። ያንንም አየሁ፣ ያየሁትን ናቅሁት። ከዚያ ቀና ብሎ ሴቶቹ ወደ ቆሙበት ወደ መለያው ጠረጴዛ አየ። የገባው ያኔ ይመስለኛል።

“አዎ፣ የኔታ። እኔ ነኝ።”

ወልዱን ያዘው አልሁት። የመስኖውን ጎማ አነሣሁ፤ ጫፉ ላይ የብረት መጋጠሚያ አለው። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ ዐረፈ። በሁለተኛው ተንበረከከ፣ የቲማቲም ሣጥን ይዞ ወደቀ። ሦስተኛው ጀርባውን ቀደደው፤ ደሙ ከተፈጨው ቲማቲም ጋር ተቀላቅሎ የቱ የቱ እንደ ሆነ አይለይም ነበር። በአራተኛው እጁን ሊከላከል ሲያነሣ ጣቱን ሰበርሁት፤ ሲሰበር ሰማሁት። አንድም ጊዜ አልጮኸም። ዝምታው አናደደኝ።

ያኔ ልጄ ጮኸች። “አቦይ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጻፍሁት፣ ተወው።” ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ጠረጴዛው ሥር ተቀመጠች።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉም ያውቃል። ልጄም ሽማግሌዎቹም የማያውቁት ቀጥሎ ያለውን ነው።

ወልዱ የሰይድን አንገት እንደ ያዘ ቀና ብሎ አየኝ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። “ኣያ ሐጎስ፣ ይብቃህ። ሰምተሃታል እኮ።”

ሰምቻታለሁ። እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። ሰይድ ንጹሕ መሆኑን በዚያች ሰዓት ዐውቄያለሁ። ስለ ልጄ ብሎ መመታቱንም ዐውቄያለሁ። ሁለቱም ዐይኖቹ ደኅና ነበሩ፤ በሁለቱም ያየኝ ነበር። ጎማውን ብጥለው ግን በሃያ ሦስት ሰው ፊት፣ በልጄ ፊት፣ ተሳሳትሁ ማለቴ ነው። እኔ ስሳሳት ማንም አይቶ አያውቅም። ስለዚህ መታሁት። ዐውቄ መታሁት። አምስተኛው ምት ዐውቄ የመታሁት ነው። የጎማው ብረት ግራ ዐይኑ ላይ ገባ።

ያን ጊዜ ጮኸ።

ለተብርሃን ደግፋ ሐኪም ቤት አደረሰችው። በማግሥቱ ወደ መርማሪዋ ሄዳ ሁሉንም ተናገረች፤ ገዢው ቲማቲማችንን መቀበል አቆመ። አቶ ኪዳነ ደነገጠና ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌዎች ጠራ። ምን ሆነ ሲሉኝ ማተቤን ያዝሁ፤ መስቀሉም ሁለቱም ቁልፎች በመዳፌ ውስጥ ነበሩ። “የልጄን ድምፅ ስሰማ ጎማውን ጣልሁ፤ ዐይኑን የመታሁት ከዚያ በፊት ሳላውቅ ነው” ብዬ ማልሁ። ለቃሚዎቹን የጠየቀ አልነበረም፤ ወልዱም መሬት መሬት አየ። ሰይድ በቀረችው ዐይኑ እጄን ሲያይ ቆየ።

“ጋሼ ሐጎስ የማሉት ይያዝላቸው” አለ። የኔታ አላለኝም። “እኔ የምፈልገው መታወቂያዬን ነው።”

የብረት ሣጥኑን ከፍቼ ሰጠሁት። ፎቶውን አየ።

“እዚህ ላይ ሁለት ዐይን አለኝ” አለ ለማንም ሳይሆን። “ኬላ ላይ ይህ አንተ አይደለህም ቢሉኝ ምን ልበል?”

ሐይቅ ሲደርስ እናቱ ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነበር። ይህን የነገረኝ ከዚያው አገር መጥቶ በከተማችን የሚነግድ ሰው ነው።

በትግርኛ አፌን ፈትቼ ይህን በአማርኛ የምጽፈው ሰይድን ያስተማርሁበት ስለ ሆነ ነው፤ ፊደሉን አልጣለው እንደ ሆነ አንድ ቀን ለቅሞ ያነበዋል። የምጽፍበት ሌላው ምክንያት ግን ልጄ ናት። ባለፈው ዓመት እኔ የሌለሁ መስሏት ወደ ቤታችን መጥታ ለእናቷ “አንድ ትንፋሽ ቀድሜ ብጮኽ ኖሮ ዐይኑ ይተርፍ ነበር” ብላ ስታለቅስ በበሩ ሰማሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ የእኔን ሐሰት ተሸክማ፣ የእኔን ኀጢአት የራሷ አድርጋ ኖራለች። በሩን መክፈት ነበረብኝ። አልከፈትሁም፤ እንደ ገና ፈራሁ።

ለተብርሃን ልጄ፣ በጊዜው ጮኸሻል። ስትጮኺ ዐይኑ ደኅና ነበር።

ይቅርታ አልለምንም። ድህነት ነው አልልም፣ ባለቤቱ አዘዘኝ አልልም፣ አላዘዘኝምና። የዚያ ቀን ድምር ይህ ነው። ከሰይድ አንድ ዐይን፣ አንድ ጣት፣ ዐፈር ያላለበሳት አንዲት እናት። ከሃያ ሦስቱ ለቃሚዎች የአንድ ወቅት ሕይወት። ከአቶ ኪዳነ እርሻው። ከወልዱ ቀና ብሎ የሚሄድበት አንገቱ። ከልጄ ሰባት ዓመት እንቅልፍ። ከእኔ አንዲት ልጅ፤ የምትኖረው እዚሁ ከተማችን ቃላሚኖ ሰፈር ነው፣ በእግር ይደረሳል፣ እኔ ግን ደጇን አላውቀውም።