በሩን የነቀልን ዕለት

የያዙን ከጭነት መኪና ላይ፣ ከደረቀ ዓሣ ጆንያ ሥር ነው። ወታደሩ ጆንያውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ፊቴን ሲያይ አልተቆጣም፤ የሰለቸው ሰው ነበር የሚመስለው። በእጁ ውረድ አለኝ፣ ወረድኩ። ከእኔ ቀጥሎ ጋሼ ወረዱ። በመጨረሻ ሆሳዕና ወረደ። ስሙ አይደለም፤ አገሩን ነው ስም ያደረግንለት።

ቦታው ሞዛምቢክ ነው፤ በሰሜን በኩል ውቅያኖሱ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። እኔ ደሴ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ተማሪዎቼ ሲታሰሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ጥፋታቸው ይነገረን» ስላልኩ እኔም ታሰርኩ። ጋሼን ያወቅኳቸው እዚያ ነው። የኮምቦልቻ ነጋዴ ናቸው፤ የታሰሩት የሚፈለግ ጎረቤታቸውን ቤተሰብ ስላስጠለሉ ነው። ከተፈታን በኋላ ድጋሚ ሊወስዱን እንደሆነ ሰማንና አብረን ተሰደድን። ሆሳዕና ናይሮቢ ላይ ነው የተቀላቀለን። ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ወዳለው ወንድሙ የሚሄድ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ስዋሂሊ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ነበር። ጴንጤ ነው፤ ሲጨንቀው በለሆሳስ ይዘምራል።

ያስገቡን ክፍል በብሎኬት የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ነበረች። ወለሉ እርጥብ አሸዋ ነው። ሽንትና ባሕር ይሸታል። አንድ ቀን ሸሚዙን የተኮሰ ባለሥልጣን መጣና በር ላይ ቆሞ ተናገረ። ሆሳዕና ተረጎመልን።

«በሚቀጥለው ሳምንት በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ትመለሳላችሁ ነው የሚለው።»

ለሆሳዕና ይህ የከሰረ ገንዘብና እንደገና መጀመር ማለት ነው። ለጋሼና ለእኔ ሌላ ነገር ነበር። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ውኃ እንዲሰጠኝ ንገረው፣ ውዱእ ላድርግ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ መዳብ መሰለ። ወፍ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ መጀመሪያ እየተመላለሰ፣ ቀጥሎ ያለ ማቋረጥ። የቆርቆሮው ምስማሮች አንድ በአንድ እየጮኹ ሲነቀሉ ይሰማን ነበር። ጣሪያው ግን አንድ በአንድ አልሄደም፤ በአንዴ ተጠቅልሎ ሄደ። ዝናቡ እንደ ጠጠር ይመታል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ጨው ጨው ይላል። ጥግ ላይ ተቃቅፈን ተቀመጥን፤ ጋሼን መሃል አደረግናቸው፣ ሆሳዕና ጀርባውን ሰጥቶ ሸፈነን። እየዘመረ መሆኑን ያወቅኩት ደረቱ ሲርገበገብ ነው እንጂ ድምፁ አይሰማም ነበር። በባሕሩ በኩል ያለው ግድግዳ ተሰነጠቀ።

አሁን የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎቹ ሻትል እነዳለሁ። እዚህ ዝናብ ሲጥል ሰው ከቤቱ ወጥቶ በስልኩ ይቀርጸዋል። አንዳንዴ ከፍሎሪዳ የመጡ ተሳፋሪዎች ከኋላዬ ተቀምጠው ስለ ሀሪኬን ሲያወሩ እሰማለሁ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ጩኸቱ ነው። እኔ የማልረሳው ዝምታውን ነው።

ነፋሱ ድንገት ቀጥ አለ። ፀሐይ ወጣች። በላያችን ሰማያዊ ሰማይ ነበር። ከውጭ ሰዎች ሲጠራሩ፣ ከዚያም ሲስቁ ሰማን። የተበተነ ዕቃቸውን መልቀም ጀምረዋል። ጠባቂያችን ግንባሩ እየደማ በሩ ላይ ባለው ቀዳዳ ብቅ አለና ፈገግ ብሎ አንድ ቃል ተናገረ።

«አለቀ እያለ ነው» አለ ሆሳዕና፣ እንባውን እየጠረገ።

«አላለቀም» አልኩ።

ጋሼ ዞረው አዩኝ። «ምኑ?»

«ነፋሱ። ይሄ ዓይኑ ነው ጋሼ፣ መሃሉ ላይ ነን። ሌላኛው ግማሽ ይመጣል፤ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ባሕሩን ይዞ።»

«አይተኸው ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ግን አስተምሬዋለሁ።»

ትንሽ አሰቡ። «ምን ያህል ጊዜ አለን?»

«ቢበዛ አንድ ሰዓት። ሊያንስም ይችላል።»

ሆሳዕና ለጠባቂው ነገረው። ጠባቂው ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ራሱን ነቀነቀ። ቁልፉ በፈረሰው ቢሮ ሥር ነው፣ አርፋችሁ ተቀመጡ አለ። በዚህ መሃል ከአጥሩ ማዶ ሰው ሲያቃስት ሰማን። ክሊኒኩ ነው። አልጋ የያዙ ሰዎች አሉበት፤ የእሱም ጣሪያ ሄዷል።

ጋሼ ተነስተው የበሩን መቃን በእጃቸው ነካኩ። ከተሰነጠቀው ግድግዳ ጋር ተላቋል፤ ይወዛወዛል። «በሉ» አሉን፣ ዕቃ ከመኪና እንደምናወርድ ያህል። ሆሳዕና ትከሻውን ሰጠ፣ እኔም ከሥሩ ገባሁ። በሁለተኛው ግፊት ብሎኬቱ ረገፈ። በሩ ከነመቃኑ ወደ ውጭ ወደቀና ጭቃው ላይ ተዘረጋ።

ጠባቂው ዱላውን አነሳ። አንድ ሰው፣ አንድ ዱላ። በግራ በኩል ጫካው አለ፤ አልዋሽም፣ አየሁት። እግሬም አየው። ጋሼ ግን በጠባቂው አጠገብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ቀስ ብለው፣ ወደ ቀኝ ሄዱ። ተከተልናቸው።

ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ነርስ ብቻዋን ነበረች፤ አጭር፣ ጫማዋን ውኃ የወሰደባት። ሆሳዕና ያልኩትን ሲነግራት አልተከራከረችም። በር ላይ ወጥታ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ አድማሱ አየች። ዙሪያውን ጥቁር የደመና ግድግዳ ቆሟል። «ትምህርት ቤቱ» አለች፤ ኮረብታው ላይ ያለውን የድንጋይ ቤት እያመለከተች። ቃሬዛ ግን የላትም።

«በሩ» አለ ሆሳዕና።

ተመልሰን አነሳነው። ወፍራም ጣውላ ነው፣ ጠርዙ ብረት። የመጀመሪያዋን ታማሚ፣ እግሯ የተሰበረ ሴት፣ አጋደምንበት። ለማንሳት አራት ሰው ይፈልጋል፤ እኛ ሦስት ነን። አንደኛው ጥግ ዘመም እንዳለ ጠባቂው መጣ። ዱላውን መሬት ላይ ጣለና አራተኛውን ጥግ ያዘ።

ዳገቱ ጭቃ ነው። ወጣን፣ ወረድን፣ ደግመን ወጣን። መንገድ ላይ ቆርቆሮ የሚለቅሙትን ሰዎች ሆሳዕና እየጮኸ ይጠራቸዋል። መጀመሪያ ሳቁብን። በኋላ ነርሷም መጮህ ስትጀምር ልጆቻቸውን እየያዙ ተከተሉን፤ ሽማግሌዎቻቸውን አዘሉ። የመጨረሻዋ ታማሚ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አውራ ዶሮ ታቅፈው አልለቅም አሉ።

«ተዋቸው፣ ከነዶሮው» አሉ ጋሼ።

ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ የጆሮዬ ግንድ ተወጠረ። ፀሐይዋ ጠፋች። ሆሳዕና «ሩጡ!» ሲል ሮጥን፤ በሩ በትከሻችን ላይ፣ አሮጊቷ በበሩ ላይ፣ ዶሮው እየጮኸ። ከገባን በኋላ የትምህርት ቤቱን በር ለመዝጋት ከአሥር ሰው በላይ ተደገፈበት። ከዚያ ሁለተኛው ግማሽ መጣ።

ያን ሁሉ ሰዓት የከተማው ሰው፣ እኛም፣ ጠባቂውም ጀርባችንን በሩ ላይ አድርገን ቆመን ነበር። ማን እስረኛ፣ ማን አሳሪ እንደሆነ የሚለይ አልነበረም።

ሲነጋ ወጥተን አየን። ክሊኒኩ የለም። የእኛ ክፍልም የለችም፤ ባሕሩ ድረስ ጠፍጣፋ አሸዋ ነው። ወደ ኮረብታው ከወጣው ሰው ግን አንድም አልሞተም። ነርሷ እያንዳንዱን እየዳሰሰች ስታረጋግጥ አየኋት። ስትጨርስ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠችና ሳቀች። ጋሼ ሱጁድ ወረዱ። ሆሳዕና ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘመረ፤ ያኔ ነው ድምፁ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ያወቅኩት።

ረፋዱ ላይ የእስር ቤቱ አዛዥ መጣ። ሲያየን በልማዱ እጁን ወደ መሬት አመለከተ። ቁጢጥ በሉ ማለቱ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቆጥረን እጃችንን አናታችን ላይ አስደርጎ፣ ቁጢጥ አስብሎ ነው።

ጋሼ አልተቀመጡም። ሸሚዛቸውን ቆለፉ፣ አንገትጌያቸውን አስተካከሉ። እኔም ቆምኩ። ሆሳዕናም።

«ንገረው» አሉ ጋሼ። «ቆመንም ይቆጥረናል። ሦስት ነን፣ አንቸግረውም።»

ሆሳዕና ተረጎመ። አዛዡ ጠባቂውን አየ፤ ጠባቂው መሬት መሬት ያያል። አዛዡ ወደ እኛ ዞሮ «በሩ የታለ?» ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠችው ነርሷ ናት።

«ሰው ተኝቶበታል። ከፈለግህ አንተው ራስህ አስነሳቸው።»

አሮጊቷ ከነዶሯቸው በሩ ላይ ሆነው አፈጠጡበት። አዛዡ ኮፍያውን አውልቆ አሸዋውን አራገፈና ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልቆለፈብንም።

እርዳታ ይዘው የመጡት ሰዎች ወሬውን ከነርሷም፣ ከከተማው ሰውም ሰሙ። ስለ ስደተኞች የምትሠራ አንዲት ሴት ቀረብ ብላ የእያንዳንዳችንን ታሪክ ጠየቀች። በአውሮፕላን መመለሱ ቀረ። ረጅም መንገድ ነበር፤ የስደተኞች ካምፕ፣ ብዙ ዓመት። ሆሳዕና ግን አልጠበቀም፣ መንገዱን ቀጠለ። ዛሬ ወንድሙ ሱቅ አጠገብ የራሱ ሱቅ አለው፤ እሑድ እሑድ በድምፅ መልእክት መዝሙር ይልክልኛል። ጋሼ ቀድመውኝ ላስ ቬጋስ ገቡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ካዚኖ ያለው ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያው ጋ ይሠራሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ኦቨርታይም ካልሠራሁ ይላሉ።

በቅርቡ ለዜግነት ኢንተርቪው ቀረብኩ። ጠያቂዋ ወጣት ሴት ናት፣ ጨዋ። ጥያቄዎቹን በእርጋታ ስታነብ ቆይታ እዚያ ደረሰች።

«ታስረህ ታውቃለህ?»

ለብዙ ዓመት ይህን ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምመልሰው፤ አንድ የሰረቅኩት ነገር ያለ ይመስል። ያን ቀን ቀና ብዬ ዓይኗን አየሁ።

«አዎ» አልኩ። «ሁለት ጊዜ። አንዱን ስለተናገርኩ፣ ሌላውን ድንበር ስለተሻገርኩ።»

እንድቀጥል ምልክት ሰጠችኝ፤ ነገርኳት። ስጨርስ የሆነ ነገር ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄደች። በመጨረሻ ተነስታ ጨበጠችኝና እንኳን ደስ አለህ አለችኝ።

ጋሼ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ መኪናቸውን ከሕንፃው ማዶ ፓርክ አድርገው ይጠብቁኝ ነበር። የሥራ ፈረቃቸው ተጀምሯል፤ ግን አልገቡም።

«እህስ?»

«አልፌያለሁ ጋሼ።»

ሞተሩን አስነሱ። ሀይዌዩ ላይ እንደወጣን ክላክሱን ጫን አድርገው ያዙት፤ እንደ ሰርግ አጃቢ፣ እየለቀቁ እየያዙ፣ እስከ ሰፈራችን ድረስ። ያን ያህል ጊዜ ሳውቃቸው ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። በግራም በቀኝም የሚያልፉ ሰዎች ዞረው ያዩናል። መስኮቴን ዝቅ አደረግኩና እጄን አውጥቼ አውለበለብኩላቸው።