ኮሊንስ ስትሪት የተላኩ ሽማግሌዎች

ያን ቀን የሰሜኑ ነፋስ ከሌሊት ጀምሮ የፊትዝሮይን ፎቆች መስኮት ሲያንቀጠቅጥ አድሮ፣ ረፋዱ ላይ ከተማውን ምድጃ አደረገው። አቧራው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞሮ በረዶ እንደሚጥል ሬዲዮው ተናግሯል፤ ሜልቦርን መቼም በአንድ ቀን አራቱንም ወቅት ካላሳየች አይሆንላትም። እንዲህ ባለ ቀን ጤነኛ ሰው መጋረጃውን ዘግቶ ይተኛል። ጋሼ ስዩምና ጋሼ አብዱልራህማን ግን የሱፍ ኮታቸውን ከነሰደርያው ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ትራም ላይ ወጡ። ሽማግሌ ተልከው መሄዳቸው ነበር።

የተላኩት ሚስት ሊጠይቁ አይደለም። ለኒስሪን ሥራ ሊጠይቁ ነው።

ኒስሪን የታክሲ ነጂው የጀማለዲን ልጅ ናት። ጀማለዲን የደሴ ሰው ነው፤ በሱዳን አድርጎ ሚስቱን ኡሙሰልማንና ሕፃኗን ይዞ ሜልቦርን ገባ፣ ፊትዝሮይ የመንግሥት ፎቅ ላይ ቤት ተሰጠው፣ እዚያው ቀረ። ልጅቱ ሕግ ትምህርት ቤት የገባች ቀን ሰፈሩ ጠበቃ አድርጎ ሾማት። ሁለተኛ ዓመት ሳትደርስ የፓርኪንግ ቅጣት የመጣበት፣ ከባሏ የተጣላች፣ አከራዩ ያስወጣው ሁሉ በር እያንኳኳ «ጠበቃችን አለች?» ይል ነበር። ስትመረቅ አዳራሽ ተከራይተው ደገሱላት። አንድ እርሳስ ገዝተውላት የማያውቁ ሰዎች ተራ በተራ ተነሥተው እንዴት እንዳሳደጓት ተናገሩ። እሷም አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ምን ታድርግ።

ዲግሪ ብቻውን ግን ጠበቃ አያደርግም። በዚያን ጊዜ የተመረቀ ሰው አርቲክልስ የሚሉትን አንድ ዓመት ከጠበቃ ቢሮ ሥር ሆኖ መሥራት ነበረበት፤ ያለዚያ ፍርድ ቤት አያስምለውም። ከፍሎ መማርም ነበር፤ ለሚከፍል ሰው። ኒስሪን ያልጻፈችለት ቢሮ የለም። አንዳንዱ «ስለ ፍላጎትሽ እናመሰግናለን» ብሎ መለሰ፤ ብዙው ይቺንም አላላትም። ከኋላዋ ሌላ ተመራቂ ሲመጣ እሷ ሜድስቶን ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ካለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ጫማ ትሸጥ ነበር።

መላ ያመጣችው አብራት የተማረች ሊሊ የምትባል ቻይናዊት ናት፤ ትውልዷ ማሌዥያ ነው።

«የእስያ ጠበቆች ማኅበር ለተመራቂዎች ሜንተር፣ መካሪ ጠበቃ፣ ይሰጣል» አለቻት። «ነይ ተመዝገቢ።»

«እኔ ከመቼ ወዲህ ነው የእስያ ሰው የሆንኩት?»

«የአፍሪካ ጠበቆች ማኅበር አለ?»

«የለም። ያለሁት እኔ ነኝ፤ እኔም ገና ጠበቃ አይደለሁም።»

«እንግዲያው ነይ። ካርታ አያስወጡሽም። ምግብም አለ።»

ሄደች። ስብሰባው ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነበር። ጠበቆቹ አንድ በአንድ እየወጡ የኖሩበትን ሕይወት ተናገሩ። አንዱ በአንድ ሻንጣ እንደመጣ፣ አንዷ በአነጋገሯ እንደተሳቀባት፣ ሌላው አለቃው ስሙን መጥራት አቅቶት «ኬን» ብሎ እንዳወጣለት። መንገዱ ይለያይ እንጂ መጨረሻው ያው ነው፤ «ዛሬ ፓርትነር ነኝ»፣ የቢሮው ባለድርሻ ማለት ነው። ጭብጨባ። ከዚያ በስንጥር የተወጋ ምግብ ይዞራል። «ማኅበረሰብ» የምትለዋ ቃል ከወይኑ እኩል ትቀዳ ነበር።

የሁሉም ቁንጮ ሚስተር ዮንግ ነበር። ኮሊንስ ስትሪት ላይ ካሉት ትላልቅ ቢሮዎች በአንዱ ፓርትነር ነው። «አባቴ ማሌዥያ፣ ኢፖ ከተማ መንገድ ዳር ኑድል እየጠበሰ ነው ያስተማረኝ» አለ። «የክንዱ ጠባሳ ዛሬም ይታየኛል።» እዚህ ላይ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ሊሊ ወደ ኒስሪን ጆሮ ጠጋ ብላ «አምናም እዚችው ላይ ነው የጠረገው» አለቻት።

«በሬ ለማኅበረሰቤ ምንጊዜም ክፍት ነው» ብሎ ንግግሩን ጨረሰ። ለኒስሪን በሜንተርነት የደረሳትም እሱ ሆነ። ሊሊ ቀናችባት።

በወር አንድ ቀን ከቢሮው ሕንፃ ሥር ካለች ካፌ ይገናኛሉ። እሱ ይናገራል፣ እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች። ሰው ፊት ታዪ ይላታል። ራስሽን ሽጪ ይላታል። ሰኞ ሰኞ ቢሮ ውስጥ የሚወራው ፉቲ፣ የአገሩ እግር ኳስ፣ ነውና የምትደግፊው ቡድን ይኑርሽ ይላታል። ለሰፈሯ የሚቀርበውን ቡድን መረጠች። «እሱ የድሃ ቡድን ነው፣ ሌላ ፈልጊ» አላት። በዚህ ዓይነት ግማሽ ዓመት አለቀ። በመጨረሻ ደፍራ ቢሮው ለመጪው ዓመት ይቀበላት እንደሆነ ጠየቀችው።

«እስቲ የማደርገውን ልይ» አለ።

አዲስ አበባ ቀበሌ የተመላለሰ ሰው ይቺን መልስ ከነትርጉሟ ያውቃታል። ፊትዝሮይ ያደገችው ኒስሪንም አላጣቻትም። አባቷ ግን ሌላ ነገር ሰማባት።

«እምቢ አላለም?» አላት ጀማለዲን።

«እምቢም አላለም፣ እሺም አላለም።»

«እንግዲህ የቀረው የሚለምነው ሰው ነዋ። ትልቅ ሰው በልጅ አፍ ሲጠየቅ ምን ብሎ ይስጥ? ሽማግሌ ነው የሚፈልገው።»

«አባዬ፣ እዚህ አገር እንደሱ አይሠራም። ሠራተኛ የሚቀጥር ኤችአር የሚባል ክፍል አለ።»

«ኤችአሩም የሰው ልጅ ነው» አለ።

ሳቀችና ወደ ሺፍቷ ሄደች። እሱ ሳቋን እንደ እሺታ ቆጠረው።

የመረጣቸው ሽማግሌዎች የታወቁ ናቸው። ጋሼ ስዩም አዲስ አበባ ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሜልቦርን ከገቡ ወዲህ ግን በየዓመቱ አንድ እርከን እያደጉ በዚያን ጊዜ ዳኛ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀራቸው። ጋሼ አብዱልራህማን ፉትስክሬይ ሥጋ ቤት አላቸው። ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤ ካልታረቁም ለሁለቱም ለየብቻ ሥጋ ይሸጣሉ።

ኒስሪን ጫማ ቤት እያለች ስልኳ ጮኸ። ሚስተር ዮንግ ነው፤ ድምፁ ግን ካፌ ውስጥ የምታውቀው አይደለም።

«ሪሴፕሽናችን ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ስምሽን ይጠራሉ። ተቀመጡ ሲባሉ አይቀመጡም።»

አይቀመጡም ሲላት ሁሉም ገባት። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ቆሞ መለመኑ ለሚለመነው ሰው ክብር ነው። ክብሩን ኮሊንስ ስትሪት ላይ ማን ይወቅለት። አለቃዋን ለምና ወጣች፣ ባቡሩ ውስጥም ቆማ ሄደች።

ስትደርስ አንድ ግዙፍ ሴክዩሪቲ ሽማግሌዎቹ ፊት ተተክሏል። ሦስቱም ቆመው ይተያያሉ። የጋሼ ስዩም ላብ በጺማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ባለጉዳዮቹ ለስላሳው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ያያሉ።

«ጋሼ ስዩም፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ» አለች።

«አንቺ ዝም በይ። የሚጠየቅላት ልጅ አትናገርም። ይልቅ ነይ አስተርጉሚ።»

«እንግሊዝኛ ይችሉ የለም እንዴ?»

«እንግሊዝኛ ለገበያ ነው። ይኼ ወግ ነው።»

ሚስተር ዮንግ ከውስጥ ወጣ፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ በሙጫ የተለጠፈ ይመስል ነበር። ጋሼ ስዩም ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። «የመጣነው ከጀማለዲን ቤት ነው። ልጃችን ቤትዎን ወዳለች። እርስዎ ዋርካ ነዎት፤ ከጥላዎ ሥር አንድ ዓመት ቢያስጠልሏት ከሥጋ ዘመድ እንቆጥርዎታለን። እምቢ ቢሉን አናፍርም፤ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም።»

ኒስሪን ዞራ «የአባቴ ወዳጆች ናቸው፣ ሰላም ሊሉህ ነው የመጡት» አለችው።

«ያ ሁሉ በዚህ አለቀ?» አሉ ጋሼ አብዱልራህማን።

«እንግሊዝኛ አጭር ነው፣ ጋሼ።»

«ስለ ዋርካው አልነገርሽውም» አሉ ጋሼ ስዩም። አመኔታ አጡ መሰለኝ፣ ወጉን ተዉትና በገበያው እንግሊዝኛ ሰውየውን «ሥራ ስጣት» አሉት።

ሚስተር ዮንግ በጣም ደስ እንዳለው፣ ሥራ ግን በማመልከቻና በውድድር እንደሚገኝ፣ እሱ ብቻውን የሚወስነው እንዳልሆነ ነገራቸው። ነግሯቸው አላበቃም፤ ክንዳቸውን ይዞ እስከ ሊፍቱ አደረሳቸው።

መንገድ ላይ ሲወጡ በረዶው ጀምሯል። ከአንድ ባንክ ጣሪያ ሥር ተጠለሉ።

«አየህ? ገና በመጀመሪያው ቀን እሺ ቢል እንንቀው ነበር» አሉ ጋሼ ስዩም።

«እስከ በር ሸኝቶናል» አሉ ጋሼ አብዱልራህማን። «ዘሩን አላውቅም እንጂ ጨዋ ነው።»

«እምቢ ነው እኮ ያላችሁ» አለች ኒስሪን። «ሁለተኛ እንዳትሄዱ።»

«የአንቺን እናት ስንጠይቅ አራት ጊዜ ነው የመለሱን» አሏት ጋሼ አብዱልራህማን። «ያውም ውሻ ለቀውብን።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እነዚህ እንኳ የሚቀመጡበትን ሲሰጧቸው እምቢ ያሉ ናቸው። በሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ፤ ባዶ እጅ ነውር ነው ብለው ጋሼ አብዱልራህማን ከሥጋ ቤታቸው አንድ ሙሉ የበግ እግር በነጭ ወረቀት ጠቅልለው ያዙ። ሚስተር ዮንግ ስብሰባ ላይ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውለት፣ ስሙንም አስጽፈውበት ተመለሱ።

በማግሥቱ ኒስሪንን ካፌው ጠራት።

«ተቆጥቼ አይደለም» አለ፣ በተቆጣ ሰው ድምፅ። «እዚህ ቢሮ ስገባ ምሳዬን የምበላው ደረጃው ላይ ነበር፤ ሽታው እንዳይረብሻቸው። እንደነሱ እስክቆጠር ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። ትናንት በስሜ የበግ እግር መጣ። ዛሬ በየፎቁ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«አባቴ ክፉ አላሰበም።»

«የኔም አባት ክፉ አላሰበም። ሊጠይቀኝ ከኢፖ የመጣ ጊዜ ቢሮህን አሳየኝ አለ። እድሳት ላይ ነው ብዬ እዚያ መናፈሻው ውስጥ አስቀመጥኩትና ሳንድዊች ገዛሁለት። ሕንፃውን ከውጭ አሳየሁት። ደስ ብሎት አገሩ ገባ። ከዚያ ሞተ። ምንም አልጎዳሁትም።»

ይህን ሲናገር መነጽሩን አልነካም። ከዚያ ሁሉ ስለ ፉቲና ራስን ስለ መሸጥ ካወራው ውስጥ እውነተኛው ምክር ይህ ነበር፤ እሷም ወዲያው ገባት።

«ለመጪው ዓመት ከያዝናቸው አንዱ ለንደን ሊሄድ ነው፣ ቦታው ይለቀቃል» አለ ቀጥሎ። «ማርክሽ ጥሩ ነው፤ ስምሽን አነሣለሁ። ግን ከእንግዲህ ማንም እዚህ አይመጣም። ማንም ስል አባትሽንም ማለቴ ነው። እርግጠኛ ካልሆንሽ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

ብዙ አሰበች ብሎ ማውራት ይቻል ነበር፤ ግን አላሰበችም። ጫማ ቤቱን፣ ተንበርክካ የሰው እግር የምትለካበትን ያን ምንጣፍ በዓይነ ሕሊናዋ አየችና «እርግጠኛ ነኝ» አለች።

ቦታውን አገኘች። ሰፈሩ በደስታ ጮቤ ረገጠ፤ ምስጋናው ግን ለሽማግሌዎቹ ነበር። «ቆመን ያመጣነው ነው» ይላሉ ጋሼ ስዩም ለሚሰማቸው ሁሉ። ለምኖ የተሰጠው ሽማግሌ ደግሞ ተመልሶ ማመስገን አለበት፤ በምስጋናው ቀን አባትም አብሮ ይሄዳል። ጀማለዲን ለዚህ ቀን ሲል ሺፍቱን ለሰው ሰጠ። ኡሙሰልማ ኮቱን ተኮሰችለት። ሦስቱ ወንዶች ለብሰው ሳሎን ሲቀመጡ ኒስሪን ከክፍሏ ወጣች።

«ሚስተር ዮንግ የለም። ሲድኒ ተዛውሯል።»

«መቼ?»

«ሰኞ።»

«ሲድኒ ስልክ አልገባም?» አሉ ጋሼ ስዩም።

«በስልክ ማነጋገር አይፈቀድም።»

«ሞቷል ብትይን ይሻል ነበር» አሉ ጋሼ አብዱልራህማን። «ለቅሶ እንደርስ ነበር።»

ጀማለዲን አልሳቀም። ስንት ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስልክ ላይ ሲዋሽ የሰማ ታክሲ ነጂ ነው።

«ሰውየው ይሂድ» አለ። «ቢሮው እዚህ ነው አይደል? የምትሠሪበትን ወንበር አይቼ ልመለስ።»

«እንግዳ አይገባም፣ አባዬ።»

«የሌላ ሰው አባት ነው የማይገባው፣ ወይስ የኔ ልጅ አባት?»

«ኢትስ ኮምፕሊኬትድ፣ ዳድ» አለች። ሲጨንቃት ወደ እንግሊዝኛ የምትሸሸው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው።

ኡሙሰልማ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ጀማለዲን በእጁ ከለከላት። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው። ሺፍቱን ለሰጠው ሰው ስልክ ደውሎ መኪናውን መልስልኝ አለው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ጀማለዲን ስለ ቢሮው ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም አንሥታበት አታውቅም።

ሚስተር ዮንግ በዚያው ዓመት የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነ። ኒስሪን ማለች፣ ፈቃዷን አወጣች፤ በየዓመቱ በዚያ ሆቴል ለአዲስ ተመራቂዎች ንግግር ከሚያደርጉት አንዷም ሆነች። የሽማግሌዎቹን ነገር ታወራላቸዋለች፤ ዋርካውን፣ የበጉን እግር፣ አልቀመጥ ማለታቸውን። እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። «እኔን ያቆመኝ ማኅበረሰቤ ነው» ብላ ስትጨርስ ደግሞ ያጨበጭባሉ። ስለ ጀማለዲን የምትነግራቸው የለም። ጋሼ ስዩምም ፉትስክሬይ ላይ ያንኑ ታሪክ ይተርካሉ፤ በሳቸው ትረካ ሰውየው ተንበርክኮ ነው የለመናቸው።

ኒስሪን አሁን ፖይንት ኩክ ቤት ገዝታ ከባሏ ከሙንታሲርና ከልጃቸው ከመርዋ ጋር ትኖራለች፤ ኮሊንስ ስትሪት በዚያው ቢሮ፣ የንብረት ውል ክፍል ውስጥ ጠበቃ ናት።