ማንም የሚከፍተው ፋይል

ወንዝ ዳር ከተተከሉት መለኪያዎች የሚመጣውን ዳታ አጣርቶ የሚያሰላው ፕሮግራም የእሷ ሥራ ነው። ባልደረቦቿ ፊት ለፊቷ «እምቢታ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ወንዙ ከሞላበት ክረምት በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ፕሮግራሙ የውሃውን ከፍታ በሰዓቱ አስልቶ ፋይሉን ለግድቡ ጣቢያ ልኮ ነበር። ጣጣው ፋይሉ ነው፤ ፕሮግራሙ ከተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ በቀር በሌላ አይከፈትም። የግድቡ ሰዎች የሚሠሩት ደግሞ በሌላ ቋንቋ ነው። ፋይሉን ለመክፈት ሲታገሉ ውሃው ቀደማቸው። ከግድቡ በታች፣ ታችኛው ሰፈር የምትኖረው አክስቷ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ወጥታ ተረፈች፤ የስፌት መኪናዋን ግን ጎርፍ በላው።

«ልጄ፣ እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም?» አለቻት አክስቷ፣ ጭቃ እየጠረገች።

«እናውቅ ነበር» ለማለት አፏ እሺ አላላትም።

ቢሮ ተመልሳ የፕሮግራሙን መጨረሻ አፈረሰችው። ውጤቱ የትኛውም ፕሮግራም የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ሆኖ እንዲወጣ፣ የየዓምዱ ስምና የመለኪያ አሃድ ከላይ እንዲጻፍ አደረገች። ወንዝ ዳር ያለ መለኪያ ሲበላሽ ፕሮግራሙ ቦታውን ባዶ ይተወዋል እንጂ ዜሮ አይጽፍም፤ ዜሮ ማለት ወንዙ ደርቋል ማለት ነዋ! ከግድቡ መሐንዲስ ጋር ስልክ ላይ ተጥደው ሞከሩት። ወዲያው ተከፈተ።

አለቃዋ ሲሰማ ደሙ ፈላ።

«ማን ፈቀደልሽ? ፋይሉ ገዝፏል። ሌሎቹ ከፈለጉ የኛን ቋንቋ ይማሩ!»

«እስኪማሩ ወንዙ ይጠብቃል፣ ጋሼ?»

«ወደ ድሮው መልሺው ብያለሁ!»

«እምቢ። ከፈለጉ እርስዎ ይመልሱት። ከዚያ ታችኛው ሰፈር ይውረዱና ምክንያቱን ለሰዉ ያስረዱ።»

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዋ በአለቃዋ ትእዛዝ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ወዳለበት ጠባብ ክፍል ወረደ። ፋይሉን እንዲመልስ የታዘዘው ባልደረባዋ «እኔ እጄን አላስገባም» ብሎ ቁጭ አለ፤ ሌላውም እንደዚያው። ፋይሉ እንዳለ ቀረ።

በቀጣዩ ክረምት ወንዙ እንደገና ተነሣ። የግድቡ ሰዎች ፋይሉን አንብበው ውሃውን አስቀድመው ጥቂት በጥቂቱ ለቀቁት። ታችኛው ሰፈር ደጁ ረጠበ እንጂ ቤት አልፈረሰም። አክስቷ ደውላ ያለችው «ደህና አደርን» ብቻ ነው። እሷ ግን ስልኩን ይዛ አለቀሰች።

አለቃዋ ግን ስብሰባ ላይ ቆሞ «አዲሱ አሠራራችን» ብሎ ጀመረ።

«ዛሬ የኛ ሆነ?» አለች ከኋላ። «መልሺው ሲሉኝ የእኔ ብቻ ነበር እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። ጠረጴዛዋም አልተመለሰላትም።

በቀደም ደግሞ ሌላ ትእዛዝ መጣ፤ የዓምዶቹ ስም ቦታ ስለሚፈጅ ይውጣ የሚል። አንብባ ስትጨርስ ነጠላ ጫማዋን በሥራ ጫማዋ ቀይራ ፎቁን ወጣችና የአለቃዋን በር አንኳኳች።