ለመንገደኛ የተከተፈ ሰላጣ

የተቆላ ኦቾሎኒ ሲፈጭ ከሸተተኝ አለቀልኝ። ትናንት ጎረቤቴ ስትፈጭ ሽታው አጥር ዘሎ ያዘኝ። እንዳትስቅብኝ፤ ለጥርስ ሕመም እንኳ እጅ የማልሰጠው ሰውዬ፣ በቆምኩበት በሐሳብ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ድንበር ተሻግሬ የአንዲት ጎንደሬ እናት ግቢ ጥግ ተከራይቼ ነበር። ክረምቱ ከብዷል። የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማ ይውጣል፤ የኔን ከነካልሲው ውጦ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። የጭነት መኪና ስለማያልፍ ከድንበር የሚመጣው ሰው በትራክተር ተጎታች ተጭኖ ነበር የሚገባው።

ያን ዓመት ሮመዳንና የእኛ ፍልሰታ ገጠሙ። የሰፈሩ ወንዶች ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ምንጣፋቸውን መንገድ ላይ ዘርግተው አላፊ አግዳሚውን በግድ ለማዕድ ይጎትታሉ። አከራዬ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። አንድ ልጃቸው ወደ ሱዳን ሸሸ ከተባለ ወዲህ የበላው ጅብ አልጮኸም ነበር።

"ትራክተሩ ከቆመ ሰው ይወርዳል፤ ከወረደ እጁን ይታጠባል፤ ሲታጠብ ፊቱን አያለሁ" አሉኝ።

እናም በየቀኑ ለዚያ ማዕድ ሰላጣ እንሠራ ነበር። እኔ ቲማቲሙን፣ ካሮቱን፣ ኪያሩን፣ ቀይ ሽንኩርቱንና ጅርጅር የሚሉትን የሚያቃጥል ቅጠል እከትፋለሁ። እሳቸው ደኳውን፣ ያን የኦቾሎኒ ልቁጥ፣ በሎሚና በውሃ ወተት እስኪመስል ያማስላሉ።

"ቀለሙን አታድበስብሰው፣ አንተ ቀጣፊ! ከሩቅ ይታይ እንጂ!"

ዛሬ ልጄ "በማዮኔዝ ልሥራልህ" ትለኛለች። እርም!

ከዚያ መንገድ ላይ ወጥቼ "ተፈደሉ! ኑ ቅረቡ! ሳይበላ የሚያልፍ የለም!" እላለሁ። ትራክተር በድምፄ አቆማለሁ እያልኩ እፎክር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጭቃው ቀድሞኝ አቁሞታል። የወረደው ሁሉ ወደ ደጃፋቸው ይመጣል። እሳቸው በእብሪቅ፣ በዚያ የእጅ ማስታጠቢያ ማንቆርቆሪያ፣ ውሃ እያፈሰሱ ፊት ፊቱን ያያሉ።

"ጥርሰ ፍንጭት፣ ሲስቅ ሳል የሚይዘው ልጅ አላየህም፣ የኔ ጌታ?"

ማንም አላየም።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ይህን ሲሰማ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

"ሲስቅ ሳል የሚይዘው?"

"አዎ! አዎ!"

"አብረን ነበርን፣ እማማ።" ሰላጣውን አየ፤ እኔን አየ። "የጓንግ ወንዝ ሞልቶ ነበር። እኔን ገፍቶ ወደ ዳር አወጣኝ። እሱን ውሃው…"

እሳቸው አልጮኹም። የጎረምሳውን እጅ መልሰው ያዙና እብሪቁ ውስጥ የቀረውን ውሃ እስከ ጠብታው አፈሰሱለት።

"በል ሂድ ብላ፤ ርቦሃል" አሉት።

በማግስቱ ሰላጣው ቀረ ብዬ ተኝቼ ዋልኩ። ከደጅ ጠሩኝ።

"ቲማቲሙ ይበስብስ ወይ?"

"ለማን ብለን፣ እትየ?"

"ለወረደው።"

ከተፍን። ትራክተሩ መጣ፤ ሰዎቹ ወርደው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። እሳቸው ማንንም አልጠየቁም። ፊት ማየት ትተዋል፤ አንገታቸውን ደፍተው እጅ እጁን ብቻ ያያሉ። ጭቃው እስኪለቅ ያፈሳሉ፣ "ቀጥል" ይላሉ። የጎረምሳ እጅ ሲመጣ ግን፣ ጭቃው ከለቀቀም በኋላ፣ ማፍሰሳቸውን አያቆሙም ነበር።