ዲንቄ ሞትን ያታለለችበት ስም

ዲንቄን የማውቃት መቱ ገና ባጃጅ ሳታይ፣ ሰው ሁሉ ጭቃውን እያቦካ በእግሩ ገበያ በሚወጣበት ዘመን ነው። መቱ አጠገብ ያለችው የሁሩሙ ከተማ ልጅ ናት። ባሏ ባጫ ትልልቅ ዛፎች ላይ ቀፎ እየሰቀለ ማር ይቆርጥ ነበር፤ እሷ ማሩን መቱ ገበያ ታወጣለች። ቤታቸውን ከቤታችን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ብቻ ስለነበር የዚያን ቤት ሳቅም ለቅሶም እንሰማ ነበር።

የሚበዛው ለቅሶው ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። ሁለተኛዋ ዳዴ ማለት በጀመረች ጊዜ ትኩሳት ወሰዳት። ሦስተኛው ሲወለድ የሰፈር ሴቶች መከሩና፣ ከጋምቤላ ደረቅ ዓሣ እያመጣች ለምትሸጥ ነጋዴ ሰጡት።

መስጠት ሲባል የምር መስጠት አይደለም። ልጅ አልቆምላት ያለች እናት ሕፃኑን በደጃፏ ላይ ለባዕድ ታቀብላለች። ባዕዷ በራሷ አገር ቋንቋ ስም ታወጣለታለች፤ ለእናትየዋ አንድ ጭብጥ ጨው ሰጥታ «ገዝቻለሁ» ትላለች፤ ከዚያ «አሳድጊልኝ» ብላ መልሳ ታስታቅፋታለች። ከዚያች ቀን ወዲያ ልጁ የሰው አደራ ነው። የወለደችውም «ልጄ» አትለውም። ሞት የእሷን ልጅ ፍለጋ ሲመጣ ያገኘው የሌላ ሰው ልጅ ስለሚሆን አፍሮ ይመለሳል ይባላል።

ያ ሦስተኛው ልጅ ግን ክረምቱን ሳይጨርስ ሞተ።

«ሞት የጋምቤላን መንገድ ያውቀዋላ!» አሉ እትዬ እታፈራሁ። እትዬ እታፈራሁ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ፣ መንደሩ ሁሉ ምክር የሚጠይቃቸው ባልቴት ነበሩ። «ዛሬ ተሳፍሮ ዛሬ የሚደረስበት አገር ምን ያደርጋል? ራቅ ያለ አገር ሰው ፈልጊ እንጂ፣ አንቺ ልጅ።»

የራቀ አገር ሰው ደግሞ በዚያ ዓመት መቱ ውስጥ አንዲት ነበረች፤ ሒሳብ ልታስተምር ከጃፓን የመጣች፣ ኬይኮ የምትባል ቀጭን ሴት። የሰፈር ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ሲከተሏት ቆም ትልና «ቻይና የለም፤ ጃፓን ነው» ትላቸዋለች። በማግሥቱ «ጃፓን የለም! ቻይና ነው!» እያሉ ይቀበሏታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች።

ዲንቄ አራተኛዋን፣ ሴቷን በተገላገለች በሳምንቱ ኬይኮ ተጠራች። አራስ ጥየቃ መስሏት ሳሙናና የሕፃን ሹራብ ይዛ መጣች። ባጫ ጉዳዩን አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በእጁ፣ ሲቸግረው በኦሮምኛ ሲያስረዳት ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ሲገባት ዓይኗ ዕንባ አቀረረ፤ ዝቅ ብላ ሕፃኗን አየቻትና ማሰብ ጀመረች።

«ሳኩራ» አለች። «አበባ ነው። በጣም ቆንጆ። ትንሽ ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ይረግፋል።»

«ወዲያ!» አሉ እትዬ እታፈራሁ፣ እንደ ዝንብ በእጃቸው እያባረሩት። «የሚረግፍ ታመጭልናለሽ? ሌላ በይ።»

«ዩኪ። ከሰማይ ይመጣል፣ ነጭ።»

«በረዶ ነው?» አለ ባጫ።

«አዎ፣ እንደ በረዶ። ግን ለስላሳ።»

«ፀሐይ ስትወጣስ?»

ኬይኮ ባዶ መዳፏን ዘርግታ አሳየችው።

«ገባኝ» አለ ባጫ። «ይቅር።»

«ቺዮ! ሺህ ዘመን ማለት።»

ባጫ «እኔ እንኳ አንድ ክረምት ከከረመችልኝ ይበቃኛል» አለ። ዲንቄ ግን ከመደቡ ላይ ራሷን ነቀነቀች። «እባክዎ እሱን አይበሉ፣ እትዬ ኬይኮ። ሺህ ዘመን ብለን ከጠራናትማ እኛው ራሳችን ለሞት ጠቆምናት ማለት ነው።»

ኬይኮ በበሩ ወደ ውጭ አየች። ዝናቡ አባርቶ የሶር ወንዝ ሸለቆ ዳገቱም ቁልቁለቱም ለምልሟል። «ሚዶሪ» አለች። «አረንጓዴ።»

እትዬ እታፈራሁ ከት ብለው ሳቁ። «አረንጓዴ! እዚህ አገር ላይ አረንጓዴ ከሆነችማ፣ ሞት ከየትኛው ቅጠል ለይቶ ያገኛታል!»

ሁሉም ሳቁ፤ ዲንቄም ጭምር። በዚያ ቤት እንዲያ ሲሳቅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ኬይኮ ሕፃኗን በደጃፉ ተቀብላ፣ ጭብጥ ጨው ሰጥታ፣ «አሳድጊልኝ» አለች። ልጅቱ ጥርስ ሳታወጣ ኬይኮ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ሚዶሪ ግን ከረመች። ሌላም ክረምት ደገመች፤ ዳዴ አለች፤ ቆመች፤ ሮጠች። ዲንቄ ሕጉን አላጓደለችም። ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ፀጉሯን ትሠራታለች፤ «ልጄ» ግን አትልም። ሰው «የማን ናት?» ካላት «የጃፓኗ ናት፤ አደራ ነው» ትላለች። የሰፈር ሰው ስሟን አሳጥሮ ዶሪ ሲላት ዲንቄ ትቆጣለች፤ «ዶሪማ የእኛው አገር ስም ነው! ሙሉውን ጥሩልኝ!»

ባጫ እንደ እሷ አልቻለበትም። ማር ቆርጦ ሲመለስ ልጅቱ በሩጫ ስትቀበለው ያነሣትና በጆሮዋ «ኢንተላ ኮ» ይላታል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለቱ ነው።

«ምን አልካት አንተ?» ትላለች ዲንቄ።

«በአማርኛ እኮ አይደለም ያልኳት።»

«ሞት ኦሮምኛ አይሰማም ያለህ ማነው?»

ባጫ ይስቃል። ልጅቱ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ቀፎ ሊያወርድ ወጥቶ ቅርንጫፉ ከዳውና ወደቀ። ከሁሩሙ በቃሬዛ አመጡት፤ መቱ ሳይደርስ ዐረፈ። በለቀስተኛው ጩኸት መሀል ዲንቄ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሞት ሊወስዳት መጥቶ ነው። እሷን ሲያጣ የጠራትን ወሰደ።»

ከዚያ ወዲያ ፍርሃቷ ፀና። ልጅቱ እንዳትስማት ፊቷን ታዞራለች። ሚዶሪም «እማዬ» ማለትን ሳትለምድ አደገች፤ «እትዬ» ነበር የምትላት፣ «እርስዎ» ብላ። የእናትና ልጅ የፊት ጥርስ ክፍተት እንኳ አንድ ነው። ከፍ ስትል ነገሩን እትዬ እታፈራሁ አጫወቷት፤ እናትሽ ናት፣ ላንቺው ብላ ነው አሏት። ገባኝ አለች። ሆኖም ማወቅና መስማት ለየቅል ናቸው። ከትምህርት ቤት አንደኛ ወጥታ ስትመጣ፣ ታማ ስትተኛ፣ የዲንቄን አፍ አፍ ታያለች። ዲንቄ ወጡን ታቀርብላትና ትወጣለች።

አሥራ ሁለተኛን በጨረሰች ዓመት አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ አለች። መነኻሪያ የሸኘናት ሦስት ነን፤ ዲንቄ፣ እትዬ እታፈራሁ በምርኩዛቸው፣ እኔም ሻንጣ ይዤ። ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» ይላል። ሚዶሪ አንድ እግሯን ሚኒባሱ ላይ አድርጋ ዞረች።

«እትዬ» አለች። «አንዴ ብቻ ልጄ ይበሉኝ። ከዚህ ወርጄ አብሬዎት እገባለሁ። ሥራውም ይቅር።»

ዲንቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«በያት እንግዲህ!» አሉ እትዬ እታፈራሁ። «አድጋለች እኮ! አሁን ምን ቀራት? ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ የነገርኩሽን እኔው ሻርኩት፣ በያት!»

«መንገድ ላይ ናት፣ እትዬ» አለች ዲንቄ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ገደሉ፣ ጭቃው… መኪና እኮ ነው። እንዴት በመንገድ ላይ?» ከዚያ ወደ ልጅቱ ቀና ብላ «በሰላም ግቢ፣ የሰው ልጅ» አለቻት።

ሚዶሪ ገባች። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ወደ እኛ አላየችም።

መጀመሪያ ሰሞን በጎረቤት ስልክ ትደውል ነበር። ኋላ መንገዱም ኔትወርኩም በየጊዜው የሚዘጋበት ዘመን መጣ፤ ቁጥሯም ተቀየረ። አዲስ አበባ ደርሶ የመጣውን ሁሉ ጠየቅን፤ አንዱ ዓረብ አገር ሄዳለች አለን፣ ሌላው አይቻት አላውቅም አለን። እትዬ እታፈራሁ በጸጸት እንደተብሰለሰሉ ሞቱ። ዲንቄ ዛሬም ማር ትሸጣለች፤ የሌላ ሰው ማር።

ባለፈው ሰሞን አንዲት የጤና ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረች ትጠይቅ ነበር። ዲንቄ ቤት ስትደርስ እኔም እዚያው ደጃፍ ላይ ነበርኩ።

«እማማ፣ ስንት ወልደዋል?»

«ሦስት።»

ልጅቷ ጻፈች። «በሕይወት ያሉትስ?»

ዲንቄ እኔን አየችኝ፤ ዝም በል የሚል አስተያየት ነው።

«የሉም» አለች። «አንዱም የለኝም።»