ያልተጠራው ስምና የመጀመሪያው ጎል

የምሥራች! በደረቁ ግን አልናገርም፤ መጀመሪያ «ምስር ብዪ» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ስሙ፦ ጎሉ ተመለሰ! ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ስም ሲጠራ የኖረ ጎል ዛሬ ረፋዱ ላይ ለባለቤቱ ተሰጠ። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

የማን ጎል ነው አትሉኝም? እሱን ለማወቅ ከእትዬ ሌይፓኮዋ መነሳት አለብን፤ ጎሉን ከእጇ የጣለችውም፣ ፈልጋ ያመጣችውም እሷ ናትና።

ሌይፓኮዋ የመንደራችን የፓንጎ ምራት ናት። ከጎረቤት መንደር ከኤራኮር ተድራ ስትመጣ ሃያ ዓመቷ ነበር። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላት የአገራችን የወጣቶች ቡድን ማልያ አጣቢ ሆነች። ማንም አልቀጠራትም። የባሏ ታናሽ ወንድም ለቡድኑ ተመረጠና ጭቃ የጠጣ ማልያውን አምጥቶ ደጃፍ ላይ ጣለው፤ አጠበችለት። በሳምንቱ የሁሉም ልጆች ማልያ ደጇ ላይ ተከምሮ አገኘችው። «እኔ አንድ ልጅ አጠብኩ እንጂ አገር ላጥብ ብያለሁ?» ብላ ጮኸች። ጮኻ ጮኻ አጠበች። ይኸው እስከ ዛሬ እየጮኸች ታጥባለች።

ማጠብ ብቻ ቢሆን ባልተገረምን። ሌይፓኮዋ ሳሙና ከማስነካቷ በፊት ማልያውን ሣር ላይ ዘርግታ ጨዋታውን ታነበዋለች። ጀርባው በላብ ርሶ ደረቱ ንጹሕ ከሆነ፣ «ይሄ ምስኪን ሲሮጥ ውሎ ኳስ የሰጠው የለም» ትላለች። ሌላውን ገልበጥ ታደርግና፣ «ይሄኛው ሁልጊዜ በግራ ጎኑ ነው የሚወድቀው። ቀኝ ጉልበቱን አሞታል፤ ደብቋችሁ ነው፣ ጠይቁት» ትላለች። ይጠይቁታል፤ እውነት ሆኖ ይገኛል። ስንት አሠልጣኝ መጣ፣ ስንቱ ሄደ! ከጨዋታ ማግስት የእሷ ልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ኮፍያውን አውልቆ ያልቆመ ግን የለም።

የቡድኑን ታሪክ ሁሉ በእጇ አሽታዋለች። ዘጠኝ ለዜሮ፣ አሥራ አንድ ለዜሮ... ልጆቹ ባሕር ተሻግረው ሄደው አንገታቸውን ደፍተው ሲመለሱ ማልያቸው የሰው አገር ቀይ አፈር ይዞ ይመጣል። እሷ «ይሄ አፈር አይለቅም» ብላ ታማርራለች እንጂ ስለ ውጤቱ ትንፍሽ አትልም። ከዚያ አንድ ዓመት እኩል ወጡ። ከዚያ አሸነፉ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከዚያማ ስማቸውን ለመጥራት እንኳ የምንፈራቸውን ቡድኖች አሸንፈው ለግማሽ ፍጻሜ ደረሱ፤ ያን ቀን ፓንጎ ውስጥ ያልጮኸ ውሻ እንኳ አልነበረም። ሌይፓኮዋ ግን በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል ፈዛ ትቆማለች። አንድ እድፍ አልለቀቀላትም፦ የመጀመሪያው ጎል።

የቡድኑ የመጀመሪያ ውድድር ነበር፤ እዚሁ ቪላ ከተማ። እንግዶቹ ስድስት አግብተውብናል። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ሌይፓኮዋ የልብስ ቅርጫቷን ራሷ ላይ ደፍታ ከእንግዶቹ ጎል ጀርባ ተጠልላለች። ካልታክ፣ ያ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። ቁጥሩ ዘጠኝ ነበር፤ ግን ዕረፍት ላይ ማልያው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተተርትሮ መጣ። በዚያ ዝናብ መርፌና ክር ምን ይሠራል? የተቀያሪውን የቶዋራን አሥራ አራት ቁጥር አስወልቃ ለካልታክ ያለበሰችው ራሷ ሌይፓኮዋ ናት። ቶዋራ የሩዝ ጆንያ ለብሶ አግዳሚው ላይ እየተንቀጠቀጠ ቀረ።

ከዚያ ኳሷ እየተንሸራተተች መጥታ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ቀጥ አለች። ተከላካዮቹ ትቀጥላለች ብለው አልፈዋት ሄዱ። ካልታክ ግን ጉድጓዱን ያውቀዋል፤ በባዶ እግሩ ያደገበት ሜዳ ነው። እዚያው ጠብቋት ኖሮ በግራ እግሩ ከነውኃዋ አነሳት። ሌይፓኮዋ መጀመሪያ ያየችው ኳሷን ሳይሆን በረኛውን ነበር፤ አፉን ከፍቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ወዲያው መረቡ ተወጥሮ ወደ እሷ መጣና የያዘውን ዝናብ በሙሉ ፊቷ ላይ ረጨባት። እስከ ዛሬ ያንን ስታወራ ፊቷን በመዳፏ ትጠርጋለች።

ጨዋታው ሰባት ለአንድ አለቀ። ግን አንድ! በዝናቡ መጋረጃ ማን እንዳገባ በቅጡ ያየ ባይኖርም፣ ሰዉ ያሸነፈ ይመስል ተቃቅፎ አለቀሰ።

ከባሕር ማዶ የመጣው ውጤት መዝጋቢ መነጽሩ በውኃ ተሸፍኖ እየሮጠ መጣና፣ «ማነው ያገባው?» አላት።

አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ምራት የዋርሳዋን ስም አትጠራም። በእኛ ዘንድ ይህ ቀልድ አይደለም፤ የጠራች ሴት ምንጣፍ ተሸክማ አሳማ ጎትታ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ወሬው ግን ከአሳማውም በላይ ዕድሜ አለው። እሷ ደግሞ ገና ሙሽራ ናት።

«አሥራ አራት ቁጥር» አለች።

ሰውየው ዝርዝሩን አየ። አሥራ አራት ቁጥር ቶዋራ ይላል። ጻፈ። በማግስቱ ወረቀቱ ሲለጠፍ ሮጣ ሄዳ፣ «ስህተት ነው!» አለችው። «ታዲያ ማነው?» አላት። መሬት መሬት አየች። ጥቂት ጠበቃትና ሻንጣውን አንሥቶ ወደ አውሮፕላኑ ሄደ።

የሜሌ መንደሩ ቶዋራ በዚያ ጎል ኖረበት። በካቫ ቤቱ፣ ያ የሚያፈዝዘው የሥር ጭማቂ በሚጠጣበት፣ ሰው ከፊቱ ይነሣለታል፤ የመጀመሪያውን ቅል ካቫ የሚጠጣው እሱ ነው። ከጠጣ በኋላ ጎሉ በየዓመቱ አንድ ሜትር እየራቀ ይሄዳል፤ ዘንድሮ ከመሐል ሜዳ ደርሶ ነበር። ካልታክ የሕዝብ መኪና ይነዳል፤ «እኔ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል? አንድ ቀን ቶዋራ ራሱ ተሳፍሮ ለመንገደኛው ጎሉን ሲተርክ፣ ካልታክ መሪውን ይዞ ዝም ብሎ ገበያ አደረሰው። ሌይፓኮዋ ከኋላ ወንበር ነበረች። ያን ዕለት ያጠበችው ማልያ በእንባ ነው የታጠበው ይላሉ ጎረቤቶቿ።

ዘንድሮ ደግሞ ውድድሩ እዚህ ሊደረግ ሆነ። ለስታዲየሙ በር የቡድኑን ታሪክ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ የያዘ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ ተሠራ። አንዴ ከተጻፈ በላዩ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚነካው የለም። ሌይፓኮዋ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ባሏን ላከችው፤ ያኔ መርከብ ላይ ስለነበር ያላየ ሰው ቃል አይጻፍም አሉት። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ባለ ጥልፍ ሰፊ ቀሚሷን ለብሳ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ በብብቷ ይዛ ራሷ መጣች። ልትቀመጥበት ነው ብለን አሰብን። የበሩ ምሰሶ ላይ አንድ አሳማ ታስሮ ይጮኻል፤ የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ሰሌዳውን የሚያሠራው ሹም ሶፔ በትሕትና ተቀበላት። «እትዬ ሌይ፣ ማንን ማለትዎ እንደሆነ ሁላችንም ይገባናል። ግን ወረቀቱ ቶዋራ ይላል። እርስዎ ደግሞ ዘመድ ነዎት።»

«አፌን የዘጋው ዘመድነቴ ነው እንጂ የከፈተው አይደለም።»

«ሃያ ሰባት ዓመት እኮ ነው! አንድ ሌላ ምስክር እንኳ...»

ቶዋራ ከሰዉ መሐል ብድግ አለ። «ምን ያሽኮረምማታል? ካየች ትጥራዋ! የኔን ስም ወረቀቱ ጠርቶታል። ያንቺ ሰውዬ ምነው፣ ስም ሳይወጣለት ነው ያደገው?»

ሰዉ ሳቀ። ሌይፓኮዋም ፈገግ አለች።

«ቶዋራ፣ አንተ ያን ቀን ማልያ እንኳ አልነበረህም። ጆንያ ለብሰህ ነበር።»

«ጆንያውን ማን አየ?»

«እኔ።»

«ካንቺ ሌላ?»

ቀለም ቀቢው ብሩሹን አንሥቶ ሶፔን አየ። ከአጥሩ ውጭ ካልታክ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀምጧል። ዋርሳና ምራት እንዲህ ባለ ቦታ ፊት ለፊት አይተያዩም።

ሌይፓኮዋ ምንጣፉን ከብብቷ አወጣችና መሬት ላይ ዘረጋችው። አዲስ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ጥለት አለው፤ ወር የፈጀ ሥራ። አልተቀመጠችበትም። አጠገቡ ቆመች፣ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና፣

«ካልታክ» አለች።

አሮጊቶቹ አፋቸውን ያዙ። አንዷ «ኧረ በስማም!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ካልታክ ነው። በግራ እግሩ ነው። ከጉድጓዱ ውስጥ ነው። ካልታክ።»

የመኪናው ሞተር ጠፋ። ከአሳማው በቀር ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም፤ ያኔ ነው አሳማው የማን እንደሆነ የገባን። ሶፔ ኮፍያውን አወለቀ። ስለ ሌላ ምስክር አንድም ሰው አልተነፈሰም። ወረቀት ይዋሻል፣ ካቫ የጠጣ ይዋሻል፤ ያን ስም በሐሰት የምትጠራ ምራት ግን በምድራችን አልተወለደችም።

ሶፔ ወደ ቀለም ቀቢው ዞረ። «ጻፍ» አለው። ሰውየው «ካ» ብሎ ጀመረ።

ቶዋራ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ። «እኔኮ ማግባቴን አምኜ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ውኃው እንዴት እንደቀዘቀዘኝ ሁሉ ትዝ ይለኛል።»

«ያ ጆንያው ነው!» አለ አንዱ፤ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ ቶዋራም ራሱ አብሮ ሳቀ። ሄዶ ካልታክን እጁን ይዞ ከመኪናው አወረደው።

ካልታክ መጣ። ሌይፓኮዋ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ ከምሰሶው የፈታችውን የአሳማውን ገመድ ምንጣፉ ላይ አኖረች። የአርባ ሦስት ዓመት ጎልማሳ፣ ጺሙ የሸበተ ሰው፣ እዚያ ቆሞ ምንጣፉን አንዴ፣ ሰሌዳውን አንዴ ያያል።

«ተቀብያለሁ» አለ። ቀጥሎም፣ «እትዬ... እኔ ደግሞ ሌላ ምንጣፍ ባመጣልዎት፣ አንዴ ይደግሙልኛል?»

«ሂድ ከዚህ! ሰሌዳው ላይ አንብበው!» አለች ቀና ሳትል። ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አነበበው። ሁላችንም አነበብነው። ሰባት ለአንድ፤ ከሥሩ አዲስ ቀለም። ሽንፈት እንዲህ ያምራል ብሎ ማን ያስብ ነበር!

በሉ ደኅና ዋሉ። የዚያን ቀን የእኛ በረኛ የነበረው ሞሪስ ኒውዚላንድ ፖም ይለቅማል፤ «እኔ ሌላኛው ጎል ላይ ነበርኩ፤ በዚያ ዝናብ ምንም አላየሁም» ሲል ሃያ ሰባት ዓመት ኖረ። የምሳ ዕረፍቱ ሊያልቅበት ነው፤ ኔትወርክ ያለው ደግሞ ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። ሌላ ሰው ነግሮት ሳይቀድመኝ ሮጬ ልደውልለት!